ከፋብሪካው ደጃፍ እስከ ስቴልቪዮ አቀበት

ሰው የገዛውን ዕቃ ተረክቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዕቃው በማን እጅ ተሠርቶ እዚያ እንደ ደረሰ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ዋጋውን ከፍሏልና ነገሩ በዚያው ያበቃ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ ይኸውም በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ታናሽ ወንድሜን ተከትዬ በጀርመን አገር፣ በሽቱትጋርት ከተማ፣ ዙፈንሃውዘን በሚባለው ሠፈር ከሚገኘው የፖርሽ ፋብሪካ ደጃፍ እስከ ቆምሁበት ቀን ድረስ ነው።

ወንድሜ በዋሽንግተን ከተማ 26 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሚኖር ገዢ ከፈለገ አዲሱን መኪና ከፋብሪካው ራሱ ተረክቦ፣ አውሮፓን ከጎበኘበት በኋላ በመርከብ እንዲላክለት ማድረግ ይችል ነበር። ወንድሜም ይህንኑ መርጦ እኔን ከደሴ አስጠራኝ። ሄድሁ፤ ነገር ግን ቅሬታዬን በልቤ ይዤ ነበር የሄድሁት። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ የዚያ የስፖርት መኪና ዋጋ ስንት የመማሪያ ክፍል እንደሚያሠራ ሳልፈልግ አሰላው ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሐሳቤን ብገልጽለት እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

«ጋሼ፣ አባባ 31 ዓመት ሙሉ ነድቶ አንዲት ጎማ እንኳ የራሴ ናት ሳይል ሞተ። እኔም እስከ ዛሬ የጨበጥሁት መሪ የሰው ነው። ከእኔ በፊት የማንም እጅ ያልነካውን መሪ አንድ ቀን ልጨብጥ ብዬ ነው።»

መልስ አጣሁ። አባታችን ዕድሜውን በአዲስ አበባና በደሴ መካከል በትሬንታ ኳትሮ ላይ የጨረሰ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና።

በማግሥቱ ፋብሪካውን አስጎበኙን። ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል በመሆኑ የያዝሁት በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። የመኪናው ቦዲ ከላይ ሲመጣ ሞተሩ ከታች ይነሣና ሁለቱ ይገናኛሉ። ሠራተኞቹ ይህን ሥራ «ሠርግ» ይሉታል። ቀጥሎም ወደ ቆዳ ሥራው ክፍል ገባን። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት የተዘረጋውን ሰፊ ቆዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ከብቱ በሕይወቱ ሳለ እሾኽ የጫረበትን ጠባሳ በጣታቸው እየፈለጉ ምልክት ያደርጉበታል፤ ያ ጠባሳ ከመቀመጫው ላይ እንዳይገባ ነው። ወንድሜ ከዚያ ሥፍራ አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለካስ ያልተነካ መሪ የለም» አለኝ።

ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ነው። የመኪናው ዘር ወደ ኋላ ሲቆጠር ከእኛው አገር ጎዳና ጋር ይገናኛል። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1931 በሽቱትጋርት የንድፍ ቢሮ ከከፈተ በኋላ፣ በ1934 የናዚው መንግሥት ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንዲነድፍ አዘዘው። አዲስ አበባ «ቮልስ» እያለች ያቆላመጠችው መኪና ያ ነው። ከ330 ሺህ የሚበልጡ ጀርመናውያን መኪናውን ለማግኘት በየሳምንቱ ገንዘብ አጠራቀሙ፤ ዳሩ ግን ጦርነቱ መጣና አንዳቸውም መኪናውን አላገኙም። በጦርነቱም ዓመታት ከተወረሩት አገሮች በግዳጅ የተወሰዱ ሰዎች በቮልስዋገን ፋብሪካም ሆነ በዙፈንሃውዘን እንዲሠሩ ተደርገዋል። ፖርሽ የሚለውን ስም የያዘው የመጀመሪያው የስፖርት መኪና በኦስትሪያ፣ በግሙንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው በቮልስ ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በፍራንክፈርት የታየው 911ም ሞተሩን ከኋላ ማድረጉን ከዚያው ወርሷል። እንግዲህ ወንድሜ ሊጨብጠው የመጣው መሪ ስንት እጅ፣ ስንትስ ያለ ፈቃዱ የተገደደ እጅ ከኋላው እንዳለ ያን ቀን ተረዳን።

ቁልፉን ተረከበ። በዚህ መኪና የቁልፉ ቦታ ከመሪው በስተግራ በመሆኑ የለመደው ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ባዶውን ፈለገ። በኡልም በኩል ወደ ኦስትሪያ ተጓዝን። ወሰን በሌለው የፍጥነት መንገድ ላይ እንኳ ተራ የቤት መኪኖች እየቀደሙን አለፉ፤ አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ መጮኽ የለበትምና። ሩብ ምዕት ዓመት ሲታገሥ የኖረው ሰው ከዚያ በኋላም ታገሠ። የሬሸንን ሐይቅ ባየን ጊዜ ዝም አልን። እ.ኤ.አ. በ1950 ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲባል ከተጥለቀለቀው መንደር የቀረው የቤተ ክርስቲያን ማማ ከውሃው መካከል ለብቻው ቆሟል።

በሦስተኛው ቀን የስቴልቪዮን አቀበት ጀመርን። በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 የተሠራው ይህ መንገድ ዛሬ በጣሊያን ውስጥ ሲሆን፣ በወጣንበት በኩል 48 ኩርባዎች አሉት፤ ጫፉም 2,757 ሜትር ነው። ጣርማ በርን ለሚያውቅ ሰው ከፍታው አያስደንቅም፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና። የሚያስደንቀው ኩርባው ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከፊታችን ካለው መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መጣ። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ቀነሰና ፍሬኑን እምብዛም ሳይነካ ቀስ እያለ ወረደ።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አልሁ ሳላስበው። አባታችን ለረዳቶቹ ሁሉ የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነበር።

«እኔ መች ነዳሁ፣ ጋሼ! እሱ እኮ ነው የሚነዳው» አለ ወንድሜ፤ ዓይኑን ግን ከመንገዱ አላነሣም።

ስለ ዋጋው ያለኝን ቅሬታ ዛሬም አልተውሁም፤ ያሰላኋቸው የመማሪያ ክፍሎችም አልተሠሩም። ነገር ግን ወንድሜን ከንቱ ሰው ብዬ የፈረድሁበት ፍርድ ትክክል አልነበረም። ሙያ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው፤ ሀብቱን የተቀበለ ሰው አንድ ቀን በራሱ መሪ ላይ ሊያየው ቢመኝ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ከመሪው ጀርባ ያሉትን እጆች የዘነጋ ነው።

መኪናውን ለመርከብ በምናስረክብበት ቀን ወንድሜ ቁልፉን ለተረካቢው ሠራተኛ በሁለት እጁ ሰጠው። ሠራተኛው የዚህን ትርጉም ባያውቅም ፈገግ ብሎ ተቀበለው።