ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ባለፈው ዓመት በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ላይ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብዬ የቅጣት ወረቀት ተሰጠኝ። ዘወትር ተማሪዎቼን «ጠይቁ» የምል ሰው፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ዝም ብሎ ከፍሎ መገላገል ነበር። ለካስ ችሎት ሳይቀርቡ መክፈል ጥፋትን እንደ ማመን ይቆጠራል፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገብም ላይ ይሰፍራል።

ሌሎች መንገዶች ነበሩ። አንዱ ጥፋትን አምኖ ዳኛውን የቅጣት ማቅለያ መጠየቅ ነው፤ ሌላው ክሱን ክዶ መከራከር። የሚከራከር ሰው፣ ፍጥነቱን የለካው ራዳር በ6 ወራት ውስጥ ስለ መፈተሹ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። ቢፈረድበትም በ10 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በበላይ ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል።

ተከራከርሁ። በአገሬ ፖሊስን ቀና ብዬ ጠይቄ የማላውቀው ሰውዬ፣ በዳኛ ፊት ማስረጃውን ጠየቅሁት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፖሊሱ ግን ሳይቆጣ ወረቀቱን አወጣ፤ ቀኑ አላለፈም። ተፈረደብኝ፣ ከፈልሁ።

«በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ቆሞ የሚዳኝበት አገር ልጆች ነን። ታዲያ ባለሥልጣንን ማስረጃ መጠየቅ ድፍረት የመሰለን ከመቼ ወዲህ ነው? ገንዘቡ አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ለመጠየቅ ከአርባ ዓመት በላይ መፍጀቴ ነው።

ቸር ይግጠመን።