ሹራባችን፣ ካርታው እና ድሬዳዋ

እናንተዬ፣ ሹራብ ለብሳችሁ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ወርደናል። ከአቦከር በጠዋት ስንነሳ ብርዱ ይቆነጥጥ ስለነበር ሹራባችንን ደርበን ሚኒባስ ውስጥ ተጠቀጠቅን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ድሬ ስንገባ ላባችን ጠብ ጠብ ይል ጀመር። አክስታችን (የድሬ ልጅ ናትና አንቱታ አትወድም) በር ላይ አይታን «ምነው ልጆቼ፣ አሟችኋል እንዴ?» አለችን።

በዚያ ሰሞን የዓለም አየር ንብረት ካርታ ላይ አፍጥጠን ነበር የከረምነው። መጀመሪያ ማስመሪያ አንስተን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ አጋደምነው። ሐረር፣ የናይጄሪያዋ አቡጃ እና ፓናማ ሲቲ አንድ መስመር ላይ ተሰለፉልን፤ ጥቂት ነው የሚዛነፉት። ክፍል ውስጥ በተማርነው መሠረት ሦስታችንም እኩል ሊሞቀን ይገባል ማለት ነው። ግን ፓናማ ሲቲ ባሕር ዳር ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጠልጥላለች። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በእኛና በእሷ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሹራብ ያህል ነው እንበል።

ከዚያ ወደ ቀለሙ ዞርን። ቭላዲሚር ኮፐን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1884 የጀመረው ካርታ አገሩን በሙቀትና በዝናብ እየለየ ይቀባል። ጉድ እኮ ነው! ሐረርን ከሜክሲኮ ሲቲ ጋር አንድ ዓይነት ቀባን። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ድሬ ግን ከፊል በረሃ ተብላ ሌላ ቀለም ደረሳት። ይህን ለአያታችን ብንነግራቸው ሳቁብን። «እኛ ወይና ደጋ፣ እነሱ ቆላ፤ ይኼ ደግሞ ካርታ ያስፈልገዋል?»

ካርታው የማያሳየው ግን ሌላ ነገር አለ። የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲደርቅ ልጆች ነበርን። እኛ የምናስታውሰው ሐይቁን ሳይሆን ጀሪካኑን ነው፤ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ፣ ቦታ ተያዘብኝ የሚል ጭቅጭቅ፣ በአንድ ጆግ ውኃ ፊት ታጥቦ በዚያው እግር መታጠብ። ትምህርት ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ሐረማያን አሁንም ሰማያዊ አድርጎ ይጠብቀን ነበር። መምህራችን ጣታቸውን አሳርፈው «ሐረማያ ሐይቅ» ሲሉ እኛም ተከትለን «ሐረማያ ሐይቅ!» እንላለን፤ ከዚያ ቤት ገብተን ጀሪካን እናነሳለን። በአየር ንብረት ካርታው ላይ ቀለማችን ያው አረንጓዴ ነው። ሐይቁን የጨረሱት ጫትና አትክልት የሚያጠጡት ፓምፖች፣ ከየተራራው የሚታጠበው ደለል፣ የሙቀቱም መጨመር፣ እንዲሁም እኛው ጠጪዎቹ ነበርን። (ባለፉት ዓመታት ውኃው መመለሱን መንገደኛ ሁሉ አይቷል፤ ደስ ብሎናል፣ ግን እንፈራለን።)

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውኃ የመጣላት ከየት መሰላችሁ? ከዚያችው ከፊል በረሃ ከተባለችው ከድሬዳዋ በኩል! ከጉድጓድ ተስቦ፣ በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ።

ይህን ሁሉ ለአክስታችን ዘርዝረን ስንጨርስ ሹራባችንን ከወንበሩ ላይ አንስታ አጣጠፈችው። ከፍሪጅ አንድ ጠርሙስ ውኃ አውጥታ ፊታችን አስቀመጠችና፣

«ጠጡ» አለችን፤ «እዚያ ሽቅብ ሳይደርስ እዚሁ ጠጡት።»