ደርሶ መልስ

ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር በአንድ ቀን ሄደን ልንመለስ አስበናል። ጋፋትን፣ የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበትን፣ ከከተማው በእግር ሄደን እናያለን። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ ነው፤ ወጪው እንግዲህ የመኪና ብቻ። ገንዘባችንን ብንቆጥር አራት መሳፈሪያ ሆነ፦ ወይ ሁለት ሰው ደርሶ ይመለሳል፣ ወይ ሦስታችንም ሄደን አንዳችን እንመለሳለን! የማታው መኪና ካመለጠ ደግሞ የአልጋ አለ።

ያ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በጋይንት አድርጎ መቅደላ የገባው በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ ነው። እኛ በሁለት መሳፈሪያ ተይዘን ቀረን።

ዕጣ እንጣል ተባለ፤ አልወደድነውም። አንዳችን ከመስከረም በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፣ መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ስለዚህ የጎደለው እስኪሞላ ሻይ ቤት መግባት ትተናል።