የአናጢው ጥፋት ወይስ የኔ ይሉኝታ?

ዓለም በቆጂን የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ ከዚያው ብርድ የወጡ ናቸው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ… እኔ ግን የሮጥኩት ቤት ሳሠራ ነው። እንዴት? አትሉም…

የእናቴ አሮጌ ቤት ስላዘመመ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ላሠራላት ተነሳሁ። ኑሮዬ አዲስ አበባ ነውና ሥራውን ለአንድ የሰፈራችን አናጢ ሰጠሁ። ሰውየው የሟች አባቴ ወዳጅ ነው። «ልጄ፣ የአባትህን ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በኔ ጣለው» አለኝ። በቃ! ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ… ከግማሽ በላይ ገንዘቡን በቀብድ አስጨብጬው ተመለስኩ። የኔ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ጋሼ፣ ክረምት ሳይገባ ይድረስልኝ!»

ሰኔ መግቢያ ላይ ቁልፍ ልረከብ ሄድኩ። እናቴ የጓዳውን ግድግዳ ስታየው ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ወደ ውጪ አላዘነበለም?» አለችኝ። እኔም አይቼዋለሁ! ግን የአባቴን ወዳጅ በምን አፌ ልናገረው? የቀረውን ከፈልኩ፣ አመስግኜም ተሰናበትኩ።

ሐምሌ ላይ ከጎረቤት ተደወለልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ፣ ሌሊት የጓዳው ምርጊት እናቴ የምትተኛበት መደብ ላይ ተንዷል። እሷ ግን ጣሪያው ሲያፈስባት ባልዲ ልትደቅን ተነስታ ነበር። የሚያፈስ ጣሪያ ነፍስ አዳነ… እስቲ እናንተው ፍረዱ!

ሌላ አናጢ አመጣሁ። ቱምቢውን ሲያንጠለጥለው ግድግዳው ከላይና ከታች የአራት ጣት ልዩነት አለው። ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሚስማሩ የተመታው ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃው ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነው፤ ያውም ያለ ጎማ! ከወደቀው ጭቃ ውስጥ ያለው ጭድ ደግሞ ገና ከአውድማ የመጣ ይመስላል። ጭቃ ከጭዱ ጋር እየተረገጠ ካልቦካ አይያያዝም።

ደሜ ፈልቶ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አንገቱን ደፋ። «ሚስማሩ የኔ ጥፋት ነው፤ ለረዳቴ ሰጥቼ ዞር ብዬም አላየሁት። ማዘንበሉንም አልክድም። ጭቃው ግን… ሁለት ሳምንት ይቡካ ብዬ ስደውልልህ ምን አልከኝ?»

«ዝናቡ ሊቀድመን ነው፣ ምረገው» ብያለሁ! ምን ይዋጠኝ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

እናንተ ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ከኔ ተማሩ። ክፍያውን በሥራው ልክ ከፋፍሉት፤ የመጨረሻውን ዝናብ ካየ በኋላ ስጡ። ቋሚው ገና ራቁቱን ሳለ በቱምቢ አስለኩ፤ ከተመረገ በኋላ ማቃናት ማፍረስ ነው። በቆጂ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ብርድ ምርጊት ቶሎ አይደርቅምና ሥራውን በበጋ ጀምሩ። ውላችሁንም በወረቀት አድርጉ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ወረቀት ከሌለ ግን ምን ተዋዋልን ብላችሁ ትከራከራላችሁ?

ጋሼ ጣሪያውን ያለ ክፍያ ራሱ መጥቶ መታው። ግድግዳው በኔ ወጪ ፈርሶ ተሠራ። ያን ቀን ሰኔ ላይ «ጋሼ፣ ይቺን ነገር እንያት» ብለው ኖሮ እሱም ባልተቀየመኝ፣ እኔም ሁለቴ ባልከፈልኩ።

ቤቱ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናቴ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር አሁንም ከመደቡ ትነሳለች።

ቸር ይግጠመን!