ተራ በተራ



በዚህ ዓመት በቅርስ ትምህርት ክፍላችን የተሰጠን ሥራ «አንድ ጨዋታ መርጣችሁ ስለ እርሱ ጻፉ» የሚል ነበር። ጓደኞቻችን ስለ ገበጣ፣ ስለ ድብብቆሽና ስለ እንቆቅልሽ ጻፉ። እኛ ሦስታችን ግን በቴሌቪዥን ስለምንጫወተው አዲስ ጨዋታ ብንጽፍስ ብለን ጠየቅን። መምህራችን ትንሽ አሰቡና «ሽማግሌዎች ሲያነቡት የሚገባቸው ከሆነ ይሁን» አሉን። ስለዚህ «ይኼ ልጆቹ ጊዜያቸውን የሚያባክኑበት ነገር ነው» ብላችሁ ሳታነቡት እንዳታልፉ እንለምናችኋለን። መጨረሻው ላይ እኛ ራሳችን ያልጠበቅነው ነገር አለ።

የጨዋታው ስም ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ነው። የሠሩት ጃፓኖች ናቸው። መጀመሪያ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ነው፤ ያኔ እኛ አልተወለድንም። በ2007 አንዳንድ ነገር ተጨምሮበት በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ እንደገና ወጣ። አሁን ደግሞ ታድሶ፣ በውስጡ ያሉት ሰዎችም በድምፅ እንዲናገሩ ተደርጎ፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወጣ። እኛ የገዛነው ይህን አዲሱን ነው። ገንዘቡን ሦስታችን ስላዋጣን ማንም ብቻውን እንዳይጫወት ተስማምተናል።

ውጊያ ያለበት ጨዋታ ነው፤ ይህን አንደብቃችሁም። መግደልና መክዳትም ስላለበት ለትናንሽ ልጆች አይሆንም። ነገር ግን ያለ ፋታ የሚተኮስበት ዓይነት አይደለም። መሬቱ እንደ ዳማ ገበታ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፈለ ነው። ብዙውን ጊዜ አምስት ሰዎች ይዘን እንገባለን። ተራችን ሲደርስ አንዱን ሰው እናንቀሳቅሳለን፣ ጠላት እንዲመታ ወይም ጓደኛውን እንዲያክም እናዘዋለን፤ ከዚያ የሌላውን ተራ እንጠብቃለን። ፈጣን የሆነ ሰው ተራው ቶሎ ይደርሰዋል፣ ዘገምተኛው ይቆያል። ተራችን ላይ ሳለን የፈለግነውን ያህል ብናስብ የሚያጣድፈን የለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት ለዚህ ጨዋታ የተነገረ ይመስላል።

ታሪኩ ኢቫሊስ በምትባል በሐሳብ የተፈጠረች አገር የሚሆን ነው። አገሪቱ ከጎረቤቷ ጋር ሃምሳ ዓመት ተዋግታ ተሸንፋለች። ከጦርነቱ የተመለሱት ወታደሮች ደመወዝ አጥተው ሽፍታ ሆነዋል። ንጉሡ ሲሞት ደግሞ ሁለት መሳፍንት በሞግዚትነት ለመግዛት ይጣላሉ። በዚህ መካከል ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ራምዛ የመኳንንት ልጅ ነው። ዴሊታ የድኻ ልጅ ሲሆን ከራምዛ ጋር አብሮ አድጓል። የዴሊታ እኅት በመኳንንቱ ትእዛዝ በግፍ ከተገደለች በኋላ የሁለቱ መንገድ ይለያያል። ዴሊታ ንጉሥ ሆኖ ስሙ በታሪክ ይጻፋል። ለሕዝቡ ብዙ የደከመው ራምዛ ግን መናፍቅ ተብሎ ስሙ ይፋቃል። ይህን ሁሉ የሚተርክልን፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የተደበቀውን ጽሑፍ አግኝቶ እውነቱን ያወጣ አንድ የታሪክ ተመራማሪ ነው።

አሁን ወደ አስተያየታችን እንምጣ። ሰዎቹ ሦስት ብንሆንም አስተያየታችን ከሦስት ይበልጣል።

የመጀመሪያው ልጅ መጀመሪያ ላይ ጨዋታውን አልወደደውም። «ጠላት ሰይፍ ይዞ አጠገብህ ቆሞ ተራህን ይጠብቅልሃል? እንዲህ ያለ ጦርነት የት አለ?» ይላል። ለእርሱ የሚሻለው የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ነው። በክፍል እንደተማርነው በዚያ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው በቻለው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም «ገበጣ ስትጫወት አያትህ ጠጠሩን እስኪጨርሱ ትጠብቅ የለም ወይ?» ብለን መለስንለት። «አያቴን ማክበር አለብኝ፣ ጠላቴን ግን ለምን አከብራለሁ?» አለን። ለዚህ መልስ አላገኘንም።

ሁለተኛዋ ልጅ የወደደችው ታሪኩንና ድምፁን ነው። ጨዋታው በዕብራይስጥም በአማርኛም አልተዘጋጀም፤ እኛ የምንሰማው በእንግሊዝኛ ነው። ከሦስታችን እንግሊዝኛ በደንብ የምትችለው እርሷ ስለሆነች ንግግሩን ሁሉ ትተረጉምልናለች። ከትንሽነቷ ጀምራ ለእናቷ በሐኪም ቤትና በባንክ ስታስተረጉም ስላደገች ሥራው አልከበዳትም። «እዚያ እንዳልሳሳት እፈራለሁ፣ እዚህ ግን ደስ እያለኝ ነው የምተረጉመው» ብላናለች። ጽሑፉን ብቻ ብታነብ ኖሮ ዴሊታን ክፉ ሰው ነው ብላ ትተወው እንደነበር፣ ድምፁን ስትሰማ ግን ኀዘኑ እንደገባት ትናገራለች።

ሦስተኛው ቅር ያለው ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ የ2007ቱን ጨዋታ ስለነበረው እርሱም ያውቀዋል። ያን ጊዜ የተጨመሩት ሁለት የሙያ ዓይነቶችና አንዳንድ ሰዎች አዲሱ ሲወጣ አልተካተቱም። «አደስነው ብለው የነበረውን ቀነሱት» ይላል። ሌሎች ብዙ ተጫዋቾችም እንደ እርሱ አዝነዋል። «ዋናው የ1997ቱ ነው፣ በኋላ የመጣው ቢቀር ምን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ አልሆነብንም። ለክፍሉ ሥራ ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ስለ ገበጣ ስንጠይቅ፣ አንዱ ቤት ሁለት ረድፍ ጉድጓድ፣ ሌላው ቤት ሦስት ረድፍ ነው አሉን። ሁሉም «ትክክለኛው በእኛ አገር የነበረው ነው» ብለውናል።

ስለ እድሳቱ ስናጠና ሌላም ነገር አገኘን። ያደሱት ሰዎች እንደተናገሩት፣ በ1997 ጨዋታው የተሠራበት ዋናው የኮምፒዩተር ጽሑፍ አልተገኘም። ስለዚህ የወጣውን ጨዋታ እያዩና እየመረመሩ እንደገና ገነቡት። የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈው ያሱሚ ማትሱኖም ተመልሶ በንግግሩ ላይ ሠርቷል። ይህን ያነበብን ቀን «ይገርማል» ብለን አለፍነው። በኋላ ግን ትዝ አለን።

እኛ የምንጫወተው በአንዳችን አያት ቤት ነው። ሦስታችንም የምንኖረው በአንድ ሕንፃ ስለሆነ ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። በጨዋታው መጀመሪያ አካባቢ ዶርተር በምትባል ከተማ ከባድ ውጊያ አለ። ጠላቶች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነው በቀስት ይጠብቃሉ። እኛ ከታች ሆነን ሦስት ጊዜ ተሸነፍን። አባባ ቡናቸውን ይዘው ከኋላችን ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ጨዋታውንም ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። «ልጆቼ፣ እናንተ ለምን ጉድጓድ ውስጥ ትቆማላችሁ? ሰዎቹ እኮ ከላይ ናቸው» አሉን። በወገራ ልጅ ሆነው ከብት ሲጠብቁ መጀመሪያ የተማሩት ከፍታውን መያዝ እንደነበረ ነገሩን። ሁለት ሰዎቻችንን በጎን ዞረው እንዲወጡ አደረግን። በዚያኛው አሸነፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባድ ውጊያ ሲመጣ «አባባ ይምጡ» እንላለን።

ትልቁ ጠብ የተነሣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚህ ጨዋታ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ይወድቃል። በራሱ ላይ ሦስት ቁጥር ይታያል፤ ተራው በደረሰ ቁጥርም ይቀንሳል። ቁጥሩ ሳያልቅ ጓደኛው ደርሶ ካነሣው ይድናል። ካልደረሰለት ግን ለዘለዓለም ይጠፋል። አንዳንዴ በወደቀበት ቦታ የሚያበራ ድንጋይ ይቀራል። ከጓደኞቹ አንዱ ሄዶ እዚያ ቦታ ላይ ከቆመ፣ የሞተው ሰው ያውቀው ከነበረው ሙያ ሊወርስ ይችላል።

ያን ማታ የወደቀችው ከመጀመሪያ ጀምሮ ቁስለኞቻችንን ስታክም የኖረችው ሴት ናት። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሲል እኛ ሩቅ ነበርን። አልደረስንላትም። የመጀመሪያው ልጅ ወዲያው «ወደ ኋላ እንመልሰው!» አለ። አዲሱ ጨዋታ በየጊዜው ራሱን ስለሚመዘግብ ይህ ይቻላል። ሁለተኛዋ «አይሆንም፣ የሆነው ሆኗል፣ የምታውቀውን እንውረስላት» አለች። ሦስተኛው «ወንድሜ ሁልጊዜ አጥፍቶ እንደገና ይጀምር ነበር» አለ። ድምፃችን ከፍ ሲል አባባ «ምን ሆናችሁ?» ብለው ጠየቁን።

በአማርኛ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ቃል ያጥረን ነበር። ሲገባቸው ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ ብለው ነገሩን።

በ1984 ከወገራ ተነሥተው ወደ ሱዳን ሲጓዙ ቀን ተደብቀው ማታ ይሄዱ ነበር። ሌሊትና ቀኑ ስለሚምታታ ሰንበት መቼ እንደሆነ እንዳይጠፋቸው የአባባ ታላቅ ወንድም ገመድ ይዞ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይቋጥር ነበር። ሰባተኛው ቋጠሮ ላይ ሲደርስ «ዛሬ ሰንበት ነው» ይላል፣ ሰዎቹም ያርፋሉ። ድንበሩ ሳይደርሱ ወንድማቸው ታመመና ሞተ። መቅበሪያ ጊዜ እንኳ አልነበረም፤ ድንጋይ ከምረው ሄዱ። አባባ ገመዱን ከእጁ ወሰዱ። በዚያ ሌሊት አራት ቋጠሮ ነበረበት። አምስተኛውን የቋጠሩት እርሳቸው ናቸው። ሱዳን እስኪደርሱ፣ ከዚያም በካምፑ ውስጥ ሳሉ ቀኑን የቆጠሩላቸው እርሳቸው ነበሩ። ገመዱ እዚያው ካምፑ ውስጥ ጠፋ።

ይህን ሲነግሩን የልጁ አባት በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አጎት እንደነበራቸውና በመንገድ እንደሞተ ያውቃሉ። ስለ ገመዱ ግን ሰምተው አያውቁም። «አባዬ፣ ይህን ለምን አልነገርኸንም?» አሉ። አባባም «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

አባባ በየጠዋቱ ሲነሡ ጮክ ብለው «ዛሬ ሰኞ ነው»፣ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይላሉ። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር፤ ከእርጅና የመጣ ይመስለን ነበር። ያን ማታ ለምን እንደሆነ ገባን። በጣም አፈርን።

በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ውስጥ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ በትምህርት ቤት ተምረናል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ እንደሚደረግላቸውም እናውቃለን። ቁጥሩን ለፈተና አጥንተነዋል። ከ4,000ው መካከል አንዱ በየቀኑ ገመድ ይቋጥር እንደነበረ ግን ከእኛ ሕንፃ ሳንወጣ ልንሰማው ስንችል አልሰማንም ነበር።

ጨዋታውን ወደ ኋላ አልመለስነውም። የመጀመሪያው ልጅ ራሱ «ተዉት» አለ። አንዱን ሰው ልከን ድንጋዩ ላይ አቆምነው፤ ከአካሚዋ ሙያ አንዱን ወረሰ። ሁሉንም አይደለም፣ አንዱን ብቻ ነው። አባባ «ይበቃል፣ ከአንዱ ይጀመራል» አሉ።

እንግዲህ ጨዋታው ጥሩ ነው ወይ ብትሉን፣ አሁንም አልተስማማንም። አንዱ ዘገምተኛ ነው ይላል፣ አንዷ ታሪኩን ከመጽሐፍ ትመርጠዋለች፣ አንዱም የተቀነሰው እስኪመለስ ድረስ ቅሬታው እንዳለ ነው። ሦስታችንም የተስማማንበት አንድ ነገር አለ። ዋናው ጽሑፍ የጠፋበት ጨዋታ እንደገና ሊሠራ የቻለው የተሠራው ሥራ በሰው እጅ ስለነበረና የሚያውቁት ሰዎች ስላሉ ነው። የእኛ ቤተሰቦች ታሪክ ግን አብዛኛው የተቀመጠው በእናንተ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝተናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአባባን መንገድ ጽፈናል፤ ከየት እንደተነሡ፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ፣ በየትኛው ቋጠሮ ላይ ማን እንደቀረ። አማርኛችን ደካማ ስለሆነ አንዳንድ ቃል ተሳስተን ይሆናል፤ አባባ ሲነበብላቸው ያርሙናል። ቀሪው ገጽ ባዶ ነው።

ውድ ሽማግሌዎቻችን፣ እስከ ዛሬ ባለመጠየቃችን ይቅርታ አድርጉልን። ደብተሩን ይዘን በራችሁን ስናንኳኳ እባካችሁ ክፈቱልን። ብዙ አናስቸግራችሁም፤ እናንተ ስትናገሩ ተራችንን ጠብቀን እንሰማለን። ጨዋታውን ማየት የሚፈልግ ካለም ማክሰኞ ማታ አባባ ቤት ነን፣ ቡናም አለ።