ስለ አምስቱ ባሕርያት እንቅስቃሴና ስለ ራሳችን ስሕተት

ሰው ሁሉ የራሱን ሥራ ከባድ ሲል ይሰማል፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጦ የዋለ ሰው ወገቡንና አንገቱን ምን እንደሚያገኘው የሚያውቀው ተቀማጩ ብቻ ነው። እኛም የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስንጽፍ ውለን ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ፣ የችሎቱ ጩኸት ከጆሮአችን ሳይወጣ ለልጆቻችን በቁጣ መመለስ ልማድ ሆኖብን ነበር። እንቅልፍም ራቀን። ሐኪም ዘንድ ብንሄድ የደማችን ግፊት ከልክ ያለፈ መሆኑን ነግሮ በየማለዳው የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልን።

በዚያው ሰሞን የእኅታችን ልጅ በቻይና አገር በቻንግሻ ከተማ ትምህርቷን ፈጽማ ተመለሰችና ልትጠይቀን መጣች። ሁኔታችንን አይታ፣ «አጎቴ፣ ትከሻዎ ከጆሮዎ ጋራ ሊገናኝ ነው፤ እስኪ ይነሡና ከእኔ ጋራ ይቁሙ» አለችን። በዚያ አገር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በማለዳ በየሜዳው ተሰብስበው በዝግታ የሚሠሩትን፣ ቺጎንግ የሚባለውን እንቅስቃሴ ያስተማረችን እንዲህ አድርጋ ነው። ቺ ማለት እስትንፋስ፣ ጎንግ ማለት በብዙ ልምምድ የሚገኝ ሙያ ነው። ስሙ በሰፊው የተለመደው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1949 ወዲህ ሲሆን ነገሩ ግን ጥንታዊ ነው። በዚያችው በቻንግሻ፣ ማዋንግዱይ በተባለው ስፍራ፣ ከ1972 እስከ 1974 በተቆፈሩት መቃብሮች ውስጥ የ44 ሰዎች ሥዕል ያለበት ሐር ተገኝቷል፤ ወንዱም ሴቱም እጁን ዘርግቶ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ ይታያል። ሐሩ የነበረበት መቃብር የተዘጋው ከጌታችን ልደት በፊት በ168 ዓመት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ብለው አስተምረውናል። ቻይናዎች ግን አምስት ይቆጥራሉ፤ እንጨት፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረት፣ ውሃ። ነፋስ ከቁጥሩ ቀርቶ እንጨትና ብረት መግባታቸው አስደነቀን። (በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተማረን ሰው ሁለቱንም ቁጥር ባልተቀበለ ነበር።) እንጨትን ከጉበት፣ እሳትን ከልብ፣ መሬትን ከጣፊያ፣ ብረትን ከሳንባ፣ ውሃን ከኩላሊት ጋራ ያዛምዳሉ። ይህ የጥንት ሰዎች ምሳሌ ነው እንጂ የዛሬ ሐኪም የሚመረምርበት አይደለም፤ እንቅስቃሴውን በልብ ለመያዝ ግን ምሳሌው ይረዳል።

መምህራኑ አሠራሩን በየፊናቸው ይለያዩበታል፤ እኛ የተማርነው ግን ይህ ነው። እግርን በትከሻ ልክ ከፍቶ፣ ጉልበትን ጥቂት አላልቶ መቆም መጀመሪያው ነው። ለእንጨት ክንድን እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ወደ ጎን መዘርጋት፤ ለእሳት መዳፍን ከደረት ወደ ላይ እንደ ነበልባል ማንሣት፤ ለመሬት ዘር ዘርቶ አፈር እንደሚያለብስ ሰው ሁለቱን መዳፍ ወደ ታች ማውረድ። ለብረት ደረትን ከፍቶ አየር መሳብ፣ ኋላም እጅን ወደ ደረት ሰብስቦ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ለውሃ ከምንጭ እንደሚቀዳ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ነው። ሁሉም ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከሁሉ የከበደን ዝግታው ነው። ልጅቱም «አጎቴ፣ መዝገብ ይዞ የሚያባርርዎ የለም» እያለች ትስቅብን ነበር።

ነገሩ ከእምነታችን ጋራ እንዳይጋጭ ፈርተን የንስሐ አባታችንን ጠየቅን። «እጅህን ስታነሣ ማንን ትጠራለህ?» አሉን። ማንንም እንደማንጠራ፣ ትንፋሽ ብቻ እንደምንቆጥር ነገርናቸው። «እንግዲያስ ጸሎትህን አስቀድም፤ ስግደትህንም በእርሱ አትተካ» ብለው አሰናበቱን።

ከሁለት ወር በኋላ እንቅልፋችን ተመለሰ፤ ቁጣችንም በረደ። ይህን ባየን ጊዜ ድነናል ብለን ለማንም ሳንናገር ኪኒኑን ተውነው። ባለቤታችን በየማለዳው የምታቀርብልንን ተቀብለን በመሳቢያ ውስጥ እንሸሽገው ነበር። የሰውን ሐሰተኛ ቃል በችሎት ስንጽፍ የኖርን እኛ በገዛ ቤታችን ሐሰተኛ ሆንን። በሦስተኛው ሳምንት ቃል ስንቀበል ሳለን ዓይናችን ጨለመ፤ ብዕሩም ከእጃችን ወደቀ። ሐኪሙ በለካን ጊዜ ግፊቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ደዌ ምንም ሳያሳምም አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ደኅና መስሎ መታየትም መዳን እንዳልሆነ ያን ቀን አስረዳን። ቺጎንጉን ግን አልከለከለንም። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ግፊትን ጥቂት ዝቅ ለማድረግ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ምርመራዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ስለ ሆኑ ግን በመድኃኒት ፋንታ ሊቆም አይችልም፤ ጎንበስ ሲሉም ራስዎን እጅግ አያውርዱ አለን።

ባለቤታችን መሳቢያውን ከፍታ አሥራ ዘጠኝ ኪኒን ቆጠረች። «ስለ ምን አታለሉኝ? ሞትዎን ከሰው አፍ እንድሰማ ኖሯል?» አለችን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ በማለዳ ሁለታችን በግቢያችን ካለው ወይራ ሥር እንቆማለን። አስቀድማ ኪኒኑንና ውሃውን ታቀርባለች፤ እስክንውጥም ዓይኗን ከእኛ አታነሣም። ከዚያ በኋላ እንጨት፣ እሳት፣ መሬት እያልን እንጀምራለን። ብረት ላይ ስንደርስ ዘወትር እንፈጥናለን፤ እርስዋም በክርንዋ ጎሸም አድርጋ ታዘገየናለች።