ወደ ኋላ የዞረችው ቀስት

ጧት መድረሳ፣ ከሰዓት አስኳላ እየተመላለስኩ አድጌ፣ ዛሬ እነሆ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎቼ የባሕርን የምግብ ሰንሰለት በሰሌዳ ላይ ስስል ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያ ፀሐይ፤ ከዚያ እንደ ቅጠል በብርሃን ምግብ የሚሠሩት ደቃቅ ተንሳፋፊዎች፣ ፊቶፕላንክተን፤ ቀጥሎ እነርሱን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት፣ ትንንሽ ዓሦች፣ በመጨረሻም ቱና። ሥዕሉ እንዲያምር ከሞተው ቱና ወደ ፊቶፕላንክተን የምትመለስ ቀስት እጨምርና «ኃይል እንዲህ ይዞራል» እላለሁ።

ዘንድሮ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኃይሉ ተመልሶ ከመጣ ፀሐይ በየቀኑ መውጣቷ ለምን ያስፈልጋል?»

«ጊዜ የለንም፤ ወደፊት ትማሪዋለሽ» አልኳት። ውድ አንባቢያን፣ ደወሉ ሊደወል ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር። የመድረሳው ኡስታዛችን ያላወቁትን ሲጠየቁ «አላውቀውም፤ አይቼ እነግርሃለሁ» ይሉን ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ማታ መጻሕፍት ሳገላብጥ ልጅቱ ልክ ሆና አገኘኋት። ኃይል አይዞርም። እንስሳ የበላውን አብዛኛውን ለመዋኘትና በሕይወት ለመቆየት ያውለዋል፤ ያም ሙቀት ሆኖ ይበተናል፣ መልሶ የሚሰበስበው የለም። ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው። በግርድፍ ሒሳብ 1000 ኪሎ ፊቶፕላንክተን 100 ኪሎ ጥቃቅን እንስሳት፣ ያ 10 ኪሎ ትንንሽ ዓሣ፣ ያም 1 ኪሎ ቱና ቢያወጣ ነው። የጣሳ ቱና ስከፍት አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል።

የሚዞረው ማዳበሪያው ነው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና የመሳሰሉት። የሞተው ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፣ ባክቴሪያ ያፈርሰዋል፣ ማዳበሪያውም ብርሃን በሌለበት ይከማቻል። በፔሩ ጠረፍ ነፋስ የላዩን ውኃ ሲገፋው ያ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ብርሃን ይወጣል። አንቾቬታ የተባለችው ትንሽ ዓሣ እዚያ የበዛችው ስለዚህ ነው፤ ለፕላንክተኑም ቅርብ በመሆኗ በመካከል የሚባክነው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠመደ። በ1972 ኤል ኒኞ መጣ፤ ሞቃቱ ውኃ ማዳበሪያውን ከላይ አገደው። ከልክ ያለፈው ማጥመድ ተጨምሮበት የ1973 ምርት ከ3 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። ፀሐይዋ ግን ያችው ነበረች።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «ተሳስቼ ነበር» ብዬ ጠመኔውን ለልጅቱ ሰጠኋት። በተመላሿ ቀስት ላይ «ማዳበሪያ» ብላ ጻፈች፤ ከየእንስሳቱ ጎንም ወደ ውጭ የሚወጡ የሙቀት ቀስቶች ሣለች። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እኮ በእስክሪብቶ ነው የሣልኩት» አለ። ሰርዘው አልኩት።